የናፍጣ ጭስን በኦፓሲሜትር መለካት፦ ከሞተሩ ሙቀት እስከ ንባቡ ትርጉም

አንድ አይሱዙ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲለካ ይወድቃል፤ ከሰዓት በኋላ ጭነት አድርሶ ሲመለስ በዚያው መሣሪያ ያልፋል። ኖዝሉ (ናፍጣ ረጪው) አልተፈታም፣ ፖምፓውም (የናፍጣ ፓምፑም) አልተነካም። የተለወጠው የዘይቱ ሙቀትና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ጥላሸት ነው። ከጭስ መለኪያ የሚወጣው ቁጥር ጥሩም መጥፎም የሚሆነው በአብዛኛው ቱቦው ጭስ ማውጫው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ዝግጅት ረዘም አድርጎ ያወራል፤ መለካቱ ራሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሴንሰሩ የሚያየው ምንድን ነው?

ኦፓሲሜትር ጥላሸትን አይመዝንም፤ ጭሱ ብርሃንን ምን ያህል እንደጋረደ ነው የሚያነበው። መለኪያ ክፍሉ ሁለት ጫፍ ያለው ቱቦ ነው። በአንዱ ጫፍ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ፣ በሌላው ብርሃኑን የሚቀበል ፎቶዳዮድ ተቀምጧል። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ከ550 እስከ 570 ናኖሜትር ነው፤ የሰው ዓይን አጥርቶ የሚያየው በዚህ አካባቢ ስለሆነ መሣሪያው «ጭሷል» የሚለው ዓይን «ጭሷል» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ጭሱ በመካከል ይገባና በሁለቱ ጫፎች ይወጣል። በመስታወቶቹ ፊት ትንንሽ ማራገቢያዎች ንጹህ አየር እየነፉ ጥላሸቱ እንዳይለጠፍባቸው ይከላከላሉ። ክፍሉ ደግሞ በኤሌክትሪክ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ጭሱ ከቀዘቀዘ በውስጡ ያለው የውሃ ተን ወደ ጠብታ ይለወጥና መሣሪያው ጠብታውንም ጭስ ብሎ ይቆጥረዋል።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይመጣል፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። የመጀመሪያው «ኤን» በመቶኛ የሚሰጥ ሲሆን ከተላከው ብርሃን ውስጥ ስንት በመቶው እንደተጋረደ ይናገራል። ይህ ቁጥር በመለኪያ ክፍሉ ርዝመት ይለዋወጣል፤ ያው ጭስ በረጅም ቱቦ ሲታይ ይጠቁራል። ሁለተኛው «ኬ» ነው፤ በአንድ ሜትር የሚገለጽ የመምጠጥ መጠን ስለሆነ የመሣሪያው ርዝመት አይለውጠውም። ደንቦች ገደብ የሚያስቀምጡት በኬ ነው። የተለመደው ውጤታማ ርዝመት 0.43 ሜትር ሲሆን፣ ስሌቱ ይህ ነው፦

ኬ = − ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (1 − ኤን ÷ 100) ÷ 0.43

ለእጅ የሚቀርቡ ጥንዶች፦
ኬ 0.7 = 26%
ኬ 1.5 = 47.5%
ኬ 2.5 = 66%
ኬ 3.0 = 72.5%

ከዚህ አንድ ነገር ይታያል። ኬ ከ1.5 ወደ 3.0 ሲወጣ ጭሱ እጥፍ ሆኗል፤ መቶኛው ግን ከ47.5 ወደ 72.5 ብቻ ነው የሄደው። ኖዝል አሠርቶ የተመለሰ ባለመኪና «ከሰባ ሁለት ወደ አርባ ሰባት ብቻ ነው የወረደው» ብሎ ቢያማርር፣ በእርግጥ ጭሱ በግማሽ ቀንሷል።

በአውሮፓ ኅብረት የ2014 (እ.ኤ.አ.) የተሽከርካሪ ምርመራ መመሪያ መሠረት፣ መጀመሪያ የሚታየው አምራቹ በተሽከርካሪው የመረጃ ሰሌዳ (ታርጋው አይደለም) ላይ የጻፈው የኬ መጠን ነው። ሰሌዳው ከሌለ ወይም ካልተነበበ ያለ ቱርቦ 2.5፣ በቱርቦ 3.0 ይያዛል። ዩሮ የሚባሉትን የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃዎች በተመለከተ፣ ለዩሮ 4 እና ዩሮ 5፣ ወይም ከሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተመዘገቡት 1.5፣ ለዩሮ 6 ደግሞ 0.7 ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲሆን ግን ጣቢያው የሚሠራበትን ወቅታዊ ደረጃ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። የአውሮፓው ቁጥር ለጋራዥ ሥራ ጥሩ መመዘኛ ነው፤ አሳላፊም ጣይም ግን ደረጃው ነው።

መሣሪያውን ማሰናዳት

መሣሪያውን ከሶኬት ሰክተው ክፍሉ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋሉ። «ዝግጁ» ሳይል የተወሰደ ንባብ አይጻፍም። በጄኔሬተር የሚሠሩ ከሆነ መብራቱ ከፍና ዝቅ ሲል ማሞቂያውም ማራገቢያውም ስለሚንገዳገዱ ማረጋጊያ በመካከል ያስገቡ።

ቀጥሎ ዜሮ ማድረግ ነው። መውሰጃው ቱቦ ከማንኛውም ጭስ ማውጫ ርቆ ንጹህ አየር ላይ መሆን አለበት። ሌላ መኪና እየጨሰ ባለበት ጋራዥ ውስጥ ዜሮ ከተደረገ፣ መሣሪያው የተበከለውን አየር «ንጹህ» ብሎ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ውጭ የሚሠሩም ከሆነ ነፋሱ ወደ መሣሪያው መውጫ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት እንዳይነፍስ አዙረው ያስቀምጡት። ነፋሱ የአየር መጋረጃውን ሲገፋ ጭሱ የሚሞላው ርዝመት ያጥራል፤ ንባቡም ይወርዳል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣውን ጥቁርማ ማረጋገጫ መስታወት ማስገባት። መስታወቱ ላይ የኬ መጠኑ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1.6 እስከ 1.8 ባለው ውስጥ ነው። መሣሪያው ያነበበውና የተጻፈው ከ0.05 በላይ ከተራራቁ ሥራውን አይጀምሩ። መጀመሪያ የክፍሉን መስታወቶች ብናኝ በማይተው ለስላሳ ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። ቤንዚን፣ ቲነር ወይም የቱታ እጅጌ አይነካቸውም፤ ቤንዚን ሲደርቅ ቅባት ይተዋል፣ እጅጌ ደግሞ ይጭራል። ከተጠረገም በኋላ ልዩነቱ ከቀረ መሣሪያው ወደ ካሊብሬሽን ይሂድ። በሶፍትዌር «ማስተካከያ» ገብቶ ቁጥሩን መግፋት ራስን ማታለል ነው።

ቱቦውን በተመለከተ፦ ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ይጠቀሙ፤ አያስረዝሙት። ረጅም ቱቦ ጭሱን ያቀዘቅዛል፣ ጥላሸቱን በግድግዳው ላይ ያስቀራል፣ ንባቡንም ያዘገያል። በመካከልም ሆድ ሠርቶ መሬት ላይ እንዳይተኛ፤ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከመውሰጃዎቹ ትንሹ (በብዙ መሣሪያዎች ውስጡ 10 ሚሊሜትር) እስከ 70 ሚሊሜትር ለሚደርስ ጭስ ማውጫ፣ ትልቁ (27 ሚሊሜትር አካባቢ) ከዚያ ለሚሰፋው ነው። ትንሹን በከባድ መኪና ላይ ማስገባት በቂ ጭስ አይወስድም፤ ሾፌሩ ይደሰታል፣ ንባቡ ግን ውሸት ነው።

ተሽከርካሪውን ማሰናዳት

የጭስ ምርመራ ሞተርን ሊሰብር ይችላል። ያለ ጭነት ከሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ካለው ዝቅተኛ ዙር) እስከ ገዢው (የሞተሩን ፍጥነት የሚገታው ክፍል) የፍጥነት ጣሪያ ድረስ ደጋግሞ መርገጥ ማለት ነውና፣ ያረጀ ቺንጋ ወይም የደከመ ገዢ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ በቅድሚያ፦

የታይሚንግ ቺንጋ ካለው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ። ባለቤቱ ካላወቀ ወይም ጊዜው ካለፈ አይለኩ፤ በጽሑፍ ያስታውቁ። የዘይቱን ልክ በዘንጉ ይዩ፤ ያነሰም የበዛም ችግር ነው። የበዛ ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር መግቢያ ተስቦ ይቃጠላል፣ አልፎ ተርፎም ሞተሩ በናፍጣ ፈንታ በራሱ ዘይት መሥራት ይጀምራል። ራዲያተሩን፣ የማራገቢያ ቺንጋውን፣ የዘይት ግፊት መብራቱን ይመልከቱ። ያልተለመደ የብረት ድምፅ ካለ ምርመራው ይቁም።

የጭስ መሥመሩን ከማኒፎልድ እስከ ጫፍ በጆሮና በዓይን ይከተሉ። የተበሳ ማርሚታ አየር ያስገባና ጭሱን ያቀጥናል። አንዳንድ ቀዳዳ በዝገት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ንባቡን ለማውረድ ሆን ተብሎ የተበሳም አለ።

ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን የተሳበ፣ ጎማው በታኮ የተያዘ፣ ኤሲው የጠፋ፣ የጭስ ማውጫ ፍሬን ያለውም ከሆነ ፍሬኑ የጠፋ ይሁን። ከኋላም ከማራገቢያው ፊትም ሰው አይቁም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭስ መሳቢያ ከሌለ ወደ ውጭ ያውጡት።

አሁን ሙቀቱ። ዘይቱ ቢያንስ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ የሚገባ የሙቀት መለኪያ ይጠቀሙ፤ ከማስገባትዎ በፊት ርዝመቱን ከዘንጉ ጋር አስተካክለው ማቆሚያ ቀለበቱን ያጥብቁ፣ አለዚያ ጫፉ ክራንክ ሻፍቱን ይነካል። የዳሽቦርዱ መርፌ የሚያሳየው ውሃውን እንጂ ዘይቱን አይደለም፤ ውሃው ቀድሞ ይሞቃል። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ናፍጣ ሞተርን በሚኒሞ አቁሞ ማሞቅ ነዳጅ ማባከን ነው፤ ዘይቱ ሳይሞቅ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ ጥላሸቱም ማርሚታው ውስጥ ይከማቻል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በመንገድ ላይ፣ የሚቻል ከሆነ ዳገት ላይ፣ መንዳት ሁለቱንም ይፈታል።

መለካት

1. መውሰጃው ገና ውጭ ሳለ፣ ፔዳሉን ቀስ ብለው እየረገጡ ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር ወይም ከከፍተኛው ፍጥነቱ ግማሽ (ያነሰው ይያዝ) ያድርሱና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያቆዩት። ከዚያ ቀስ በቀስ እስከ ጣሪያው ይውጡ። ገዢው ፍጥነቱን እንደሚይዘው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱ ሳይገታ መውጣቱን ከቀጠለ ወዲያው ይልቀቁ፤ ይህ መኪና ዛሬ አይለካም።

2. ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እየረገጡ ማርሚታውን ያጽዱ። መውሰጃው አሁንም ውጭ ነው። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ጥቁር ዳመና የዛሬ ሳይሆን የሰሞኑ ጥላሸት ስለሆነ መቁጠር የለበትም።

3. መሣሪያውን እንደገና ዜሮ ያድርጉ።

4. መውሰጃውን ያስገቡ። አፉ ወደሚመጣው ጭስ የዞረ፣ በቧንቧው መካከል የቆመ፣ ግድግዳውን የማይነካ ይሁንና በመያዣው ይጠበቅ። ግድግዳውን ከነካ ተለጥፎ የነበረውን ጥላሸት እየፋቀ ያነባል። የጭስ ማውጫው ጫፍ የታጠፈ ወይም ወደ መሬት የተቆለመመ ከሆነ፣ አየር በማያስገባ መጋጠሚያ ቀጥ ያለ ማስረዘሚያ ቧንቧ ይግጠሙ። ከመውሰጃው በፊት የቧንቧውን ስፋት ስድስት እጥፍ፣ ከኋላው ሦስት እጥፍ ያህል ቀጥታ ርዝመት ካለ ጭሱ ተስተካክሎ ይደርሳል።

5. ሞተሩም ቱርቦውም ወደ ሚኒሞ መመለሳቸውን ያረጋግጡ። ፔዳሉን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ፣ ነገር ግን ሳይደበድቡት እስከ ወለሉ ይርገጡ። ሞተሩ ገዢው እስከሚይዘው ፍጥነት ሲደርስ ጥቂት ያቆዩትና ይልቀቁ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ከሆነ አምራቹ የወሰነውን ፍጥነት፣ ይህ ካልተገኘ ከጣሪያው ሁለት ሦስተኛውን ይያዙ።

6. ከለቀቁ በኋላ ይጠብቁ፤ ለከባድ መኪና ቢያንስ 10 ሰከንድ። ቱርቦው ገና እየዞረ ሳለ ዳግም ቢረገጥ አየር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ጭሱ አንሶ ይወጣል።

7. ይድገሙ፣ እያንዳንዱን ከፍተኛ ንባብ ይጻፉ።

8. ሲጨርሱ መውሰጃውን አውጥተው ዜሮውን ይዩ። ንጹህ አየር ላይ ከ0.05 በላይ ከሸሸ፣ በመካከል መስታወቱ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ንባቦቹ ይሰረዙ፣ መስታወቱ ይጠረግ፣ ከሁለተኛው እርምጃ ይጀመር።

አምስተኛው ላይ እግር የያዘው ሰው ውጤቱን ይወስናል። በዝግታ የተረገጠ ፔዳል ለቱርቦው ጊዜ ይሰጠዋል፣ ነዳጁም በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፤ ጭሳም መኪና ንጹህ ሆኖ ያልፋል። ሾፌሮች ይህን ያውቁታል። ስለዚህ የሚረግጠው መርማሪው እንጂ ባለመኪናው ባይሆን ይሻላል፤ የዙር መለኪያ ያለው መሣሪያ ከሆነም ከሚኒሞ እስከ ጣሪያ የፈጀውን ጊዜ ይዩ።

ንባቦቹን መያዝ

ለምሳሌ ስድስት ጊዜ ተረግጦ እነዚህ መጡ እንበል፦ 2.86፣ 2.51፣ 2.34፣ 2.38፣ 2.31፣ 2.40። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማርሚታው ናቸው። የሞተር ጭስን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 24 እንደሚለው፣ ንባብ ተረጋጋ የሚባለው አራት ተከታታይ ቁጥሮች በ0.25 ውስጥ ሲቀራረቡና እየወረዱ የሚሄዱ ካልሆኑ ነው። የመጨረሻዎቹ አራቱ በትንሹና በትልቁ መካከል ያላቸው ልዩነት 0.09 ነው፤ ወርደው አልቀሩም፣ ወጣ ገባ ይላሉ። አማካያቸው 2.36፤ በመቶኛ ወደ 64 ይጠጋል። ያለ ቱርቦ የ2.5 ገደብ ቢያዝ ያልፋል፤ የመጀመሪያውን ሦስት ብቻ ወስዶ ለሚያሰላ ግን 2.57 ይሆንበትና ይጥለዋል። በመደበኛ የተሽከርካሪ ምርመራ የአውሮፓው መመሪያ የሚቀበለው የመጨረሻዎቹን ቢያንስ ሦስት አማካይ ነው።

ቁጥሮቹ እየወረዱ ከሄዱ ይቀጥሉ፤ ማርሚታው ገና አልጸዳም። እየወጡ ከሄዱ መሣሪያውን ይጠርጥሩ፣ በተለይ መስታወቱን። ከሁለት ቧንቧ የሚወጣ ከሆነ ሁለቱንም ለክተው አማካይ ይውሰዱ፤ ሁለቱ ከ0.15 በላይ ከተራራቁ ግን ያ አማካይ አይያዝም።

ከመጻፍዎ በፊት የጭሱን ቀለም ይመልከቱ። ኦፓሲሜትር ጥቁሩን ከሰማያዊው አይለይም፤ የተቃጠለ ዘይትም፣ ያልተቃጠለ ናፍጣም፣ የውሃ ተንም ብርሃን ይጋርዳሉ። ንጹህ ነጭ ወረቀት በጭስ ማውጫው አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ይያዙ፦ ደረቅና በጣት የሚጠረግ ጥቁር ከሆነ ጥላሸት ነው፤ የሚያጣብቅ ቅባት ከተወ ዘይት፤ የናፍጣ ሽታ ያለው እርጥበት ከሆነ ኖዝል ወይም ግፊት። ይህን የወረቀት ሐሳብ አደራጅቶ የሚሠራ ሌላ መሣሪያም አለ። የተወሰነ መጠን ያለው ጭስ በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ስቦ የወረቀቱን ጥቁረት ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። እሱ ጥላሸቱን እንጂ ነጭና ሰማያዊ ጭስን ብዙም አያይም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ መልስ ነው።

ጭሱ ከየት መጣ?

መሣሪያው መስመር የሚስል ከሆነ ከቁጥሩ ይልቅ የመስመሩን ቅርጽ ያጥኑ። ልክ ሲረገጥ ሹል ብሎ ወጥቶ ወዲያው የሚወርድ ጭስ፣ ቱርቦው ሳይነሳ ነዳጁ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። በሜካኒካል ፖምፓ ላይ ነዳጁን ከቱርቦ ግፊት ጋር የሚያስተካክለውን ሜምብሬን ይመልከቱ፤ የተነካካ ወይም መለኪያው የተፈታ ሊሆን ይችላል። ከታች እስከ ጣሪያ ሳይወርድ የሚቀጥል ጭስ የአየር እጥረትን ወይም የነዳጅ ብዛትን ያሳያል። ገና በሚኒሞ ሳለ ንባብ ካለ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ የደከመ ግፊት ወይም ዘይት ነው።

ሥራውን ከርካሹ ይጀምሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው አቧራ በሌለበት ቦታ ለአንድ ሁለት መርገጫ ብቻ ይለኩ፤ ኬው በግልጽ ከወረደ ጉዳዩ አለቀ፣ አዲስ ፊልትሮ ያስገቡ። በቱርቦ መኪና ይህን ሲያደርጉ ጨርቅም ሰውም ከአየር መግቢያው ይራቅ፤ ያለ ፊልትሮም አይንዱት። ቀጥሎ ከቱርቦ እስከ ማኒፎልድ ያሉትን የአየር ቱቦዎችና ማሰሪያዎች በሳሙና ውሃ ይፈትሹ፤ ከፊልትሮው እስከ ቱርቦ ባለው በኩል ደግሞ ውስጡ የተላጠ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ በመምጠጥ ጊዜ ይጣበቃል። ከዚያ ኖዝል፦ በመሞከሪያ ፓምፕ ላይ የመክፈቻ ግፊቱ ከአምራቹ ልክ ጋር መግጠሙ፣ ርጭቱ ዳመና መምሰሉ፣ ከተዘጋ በኋላ ጫፉ ላይ ጠብታ አለመንጠልጠሉ ይታያል።

ብዙ ጊዜ ግን በደሉ የፖምፓው ነው፤ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የሙሉ ጭነት ብሎኑ (ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የሚወስነው) ተፈቷል። የአምራቹ እርሳስ ማኅተም ከተሰበረ ወይም ብሎኑ ላይ ትኩስ የቁልፍ ምልክት ካለ፣ ኖዝል ቀይሮ ገንዘብ ከመጨረስ በፊት ፖምፓው በመሞከሪያ ቤንች ላይ ወደ ልኩ ይመለስ። ለቃጠሎ በቂ አየር ሳይኖር የተጨመረ ናፍጣ የሚሄደው ወደ ጎማ ሳይሆን ወደ ጥላሸትና ወደ ጭስ ማውጫ ሙቀት ነው። የዘገየ የመርጫ ታይሚንግ፣ ክፍት ሆኖ የቀረ የጭስ መመለሻ ቫልቭና የተበላሸ የቫልቭ ክፍተት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር መጨረሻ ላይ።

ከፍታ የሚያመጣው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ሜካኒካል ፖምፓ ግን ናፍጣውን ጅቡቲ ወደብ ላይ በሚሰጠው መጠን ይሰጣል። የተረፈው ናፍጣ ጥላሸት ይሆናል። ከወደቡ በንጹህ ጭስ የወጣ ከባድ መኪና እዚህ ሲደርስ ቢጠቁር ሞተሩ በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል፤ ነገር ግን ይህ ምርመራ ከሚኒሞ ስለሚጀምር፣ ቱርቦው እስኪነሳ ባለው ቅጽበት ሁለቱም አንድ ናቸው።

ለሥራ ያለው ትርጉም፦ አንዱን መኪና ከሌላው ወይም ከጥገና በፊትና በኋላ ሲያነጻጽሩ ሁሉንም በአንድ ከተማ ይለኩ፤ አዳማ የተለካን ከአዲስ አበባው ጋር አያስተያዩ። ፖምፓ ቤንች ላይ ሲስተካከልም መኪናው በብዛት የሚሠራበት ከፍታ ለሠራተኛው ይነገረው።

የጥላሸት ፊልተር ያለው መኪና ሲመጣ

ጥላሸት ፊልተር ያላቸው አዳዲስ ናፍጣ መኪኖች ላይ ከላይ ያለው አብዛኛው ዋጋ ያጣል፤ ደህናውም ፊልተር፣ በትንሹ የተሰነጠቀውም በኦፓሲሜትር ዜሮ አጠገብ ይነበባሉ። በዚህ ምክንያት ነው ኔዘርላንድና ጀርመን በ2023 (እ.ኤ.አ.) በመደበኛ የተሽከርካሪ ምርመራቸው ቅንጣት ወደሚቆጥር መሣሪያ የተሻገሩት፤ ገደቡ በኔዘርላንድ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1,000,000፣ በጀርመን 250,000 ቅንጣት ነው። ጀርመን ውስጥ ዩሮ 6 ናፍጣ የሚነዳ ሰው በምርመራ ቀን የሚገጥመው ይህ ነው።

እነዚህ መኪኖች ግን የራሳቸውን ሴንሰር ይዘው ይዞራሉ። ሁለት ዓይነት ናቸውና አይቀላቅሏቸው። ሁለት የጎማ ወይም የብረት ቱቦ የተሰካበት የግፊት ልዩነት ሴንሰር በፊልተሩ ውስጥ ምን ያህል ጥላሸት እንደሞላ ይገምታል። ከፊልተሩ በኋላ ቧንቧው ላይ የተጠመዘዘው የጥላሸት ሴንሰር ደግሞ ምን ያህሉ እንዳመለጠ ይከታተላል። ይህኛው በሴራሚክ ላይ እንደ ሁለት ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፉ የፕላቲነም መስመሮች አሉት። ማሞቂያው በመጀመሪያ የድሮውን ጥላሸት ያቃጥላል፤ ከዚያ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፣ ጥላሸት በጥርሶቹ መካከል ድልድይ ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ማለፍ ይጀምራል። ድልድዩ የተሠራበት ጊዜ ካጠረ ፊልተሩ እያሳለፈ ነው።

የስህተት መብራት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ኮዱን ያንብቡ፦ ፒ2002 ፊልተሩ በቂ ማጣራት እያደረገ እንዳልሆነ፣ ፒ2463 ፊልተሩ ከልክ በላይ እንደሞላ፣ ፒ2452 የግፊት ሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር እንዳለበት ይናገራሉ። ኮዱ ፒ2002 ከሆነ በቀዝቃዛ ሞተር ጣትዎን በጭስ ማውጫው ጫፍ ውስጥ ያሽከርክሩ። ደህና ፊልተር ያለው መኪና ጫፉ ግራጫ ነው፤ ጣትዎ ከሰል ለብሶ ከወጣ ሴንሰሩ እውነቱን ነው፣ ፊልተሩ ተሰንጥቋል ወይም ውስጡ ተወግቶ ወጥቷል። ጫፉ ንጹህ ከሆነ ወደ ሴንሰሩ ይሂዱ፦ ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ወይም ዝገት፣ የቀለጠ ሽቦ፣ የተበላሸ ምድር መያዣ፣ ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ ቀዳዳ።

ኮዱ ስለ መሙላት ከሆነ የግፊት ሴንሰሩን ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሴንሰሩ ሸሽቷል፣ ፊልተሩ ሳይሞላ ሞልቷል እያለ ነው። ቱቦዎቹን ነቅለው የተሰነጠቀ፣ በጥላሸት የተደፈነ ወይም ውሃ የያዘ እንደሆነ ይዩ፤ ሲመልሱ እንዳያለዋውጧቸው ከመንቀልዎ በፊት ምልክት ያድርጉ። የታመቀ አየር ሲነፉ ቱቦው ከሴንሰሩ ተነቅሎ ይሁን፤ አለዚያ ውስጡ ያለው ስስ ሜምብሬን ይቀደዳል።

የጥላሸት ሴንሰሩን በብረት ብሩሽ አይፋቁ፣ በኬሚካልም አያጥቡት፤ ራሱን በሙቀት የሚያጸዳ ነው። ከሽቦው ጫፍ ያለችው ትንሽ ሳጥን ከዚያው ሴንሰር ጋር የተስተካከለች ስለሆነች ሽቦውን ቆርጦ የሌላ መቀጠል አይሠራም፤ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። አዲሱ ሲገጠም እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ፣ በአምራቹ የተጻፈውን የማጥበቂያ ኃይል ይጠቀሙ፣ ከዚያ በስካነሩ ኮምፒውተሩ ስለ ድሮው ሴንሰር የያዘውን መረጃ አጥፍተው አዲስ መገጠሙን ያስመዝግቡ። ሴንሰሩ ቧንቧው ከውሃ ጠብታ እስኪደርቅ ማሞቂያውን አይከፍትም፤ በጋለ ሴራሚክ ላይ አንድ ጠብታ ካረፈ ይሰነጠቃልና። ስለዚህ ከጋራዥ ወጥቶ አምስት ደቂቃ ዞሮ የተመለሰ መኪና ላይ ምርመራው «አልተጠናቀቀም» ቢል ጥፋት አይደለም፤ በሙቅ ሞተር ሳይቆም በአውራ ጎዳና ተነድቶ ሲመለስ እንደገና ይነበብ።